በሦስት ሕግ ሥር ለሚነዳ ሰው፦ የስልክ መያዣና የአንድ ጆሮ ማዳመጫ ሲመዘኑ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ መኪና እየነዳ የሚተዳደር ሰው በአንድ ቀን ውሎው በሦስት የተለያዩ የስልክ ሕጎች ሥር ያልፋል። ጠዋት ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ መንገደኛ ጭኖ ዲሲ የሚያደርስ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይዞ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለው ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ፣ ምሳውንም አሌክሳንድሪያ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ የሚበላ ሹፌር መኪናውም ስልኩም ያው ሆነው ሳሉ የሚዳኝበት ሕግ ሁለት ጊዜ ተለውጦበታል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የስልክ መያዣ ወይም የጆሮ ማዳመጫ የሚገዛ ሰው ዕቃው ጠንካራና ርካሽ መሆኑን ብቻ ሳይሆን በሦስቱም ወሰኖች ውስጥ ከትኬት የሚያድነው መሆኑን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል። እዚህ የምመዝናቸው ሁለት ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱ በመኪናው የአየር ማስወጫ ላይ ቆንጥጦ የሚቆም የስልክ መያዣ፣ ሁለተኛው በአንድ ጆሮ ብቻ የሚደረግ የብሉቱዝ ማዳመጫ። ሁለቱም ብዙ አምራቾች በብዙ ስም የሚያወጧቸው ተራ ዕቃዎች ስለሆኑ ስለ ዓይነታቸው እንጂ ስለ አንድ አምራች አልናገርም።

ከሕጎቹ ልጀምር፤ ዕቃዎቹ የሚመዘኑት በእነርሱ ነውና። ኒው ዮርክ በ2001 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በእጅ ስልክ ይዞ እያወሩ መንዳትን ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ከከለከለች በኋላ ዲሲም ብዙ ሳትዘገይ ተከተለች፤ ሕጓ ከጁላይ 1 ቀን 2004 ጀምሮ የጸና ነው። በዲሲ ሕግ መሠረት መኪናው በመንቀሳቀስ ላይ ሳለ አሽከርካሪው ስልክም ሆነ ሌላ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መጠቀም የሚችለው ሁለቱን እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ እንዲነጋገር የሚያስችል ዕቃ ወይም በመኪናው ውስጥ የተሠራ መሣሪያ ሲኖረው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ቅጣት 100 ዶላር ነው። በዚሁ ሕግ ውስጥ ብዙ ሹፌሮች የማያውቁት አንድ አንቀጽ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ቅጣቱ ከመጣሉ በፊት እንዲህ ያለውን ዕቃ መግዛቱን በማስረጃ ካሳየ ቅጣቱ ይታገድለታል። በሌላ አነጋገር ሕጉ ሰውየውን ከመቅጣት ይልቅ ዕቃውን ገዝቶ እንዲመለስ ይመርጣል። ከሃያ እስከ ሠላሳ ዶላር የሚያወጣ ማዳመጫ መቶ ዶላር ሊያስቀር የሚችልበት ሌላ ቦታ ብዙ የለምና ደረሰኙን አለመጣል ብልህነት ነው።

ቨርጂኒያ ወደዚህ የደረሰችው ዘግይታ ነው። እዚያ ለብዙ ዓመታት ተከልክሎ የቆየው መልእክት መጻፍና ማንበብ ብቻ ስለነበር፣ ስልኩን በእጁ ይዞ የታየ ሰው ቁጥር እየደወለ ወይም ካርታ እያየ እንደነበር ከተናገረ ፖሊሱ ሌላ ማስረጃ አይኖረውም ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግን በቨርጂኒያ እየነዱ ስልክን በእጅ መያዝ ራሱ ጥፋት ሆነ። መጀመሪያ የተያዘ 125 ዶላር፣ የደገመ 250 ዶላር ይከፍላል፤ የመንገድ ሥራ በሚካሄድበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን 250 ዶላር ነው። ሕጉ በሕጋዊ መንገድ የቆመ ወይም ያቆመ ሰውን፣ እንዲሁም ድንገተኛ አደጋን ለማሳወቅ የሚደውልን ሰው አይነካም። ቀይ መብራት ላይ መቆም ከዚህ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ላይ መንገድ ዳር ከፖሊስ ጋር ለመከራከር የሚፈልግ ካለ ይሞክረው፤ እኔ አልመክርም። ከሦስቱ ሕጎች ለመረዳት የሚቀለው ይህ የቨርጂኒያው ነው ባይ ነኝ፤ ፖሊሱም ሹፌሩም የሚያዩት አንድ ነገር ነው፣ እጅ ውስጥ ስልክ አለ ወይስ የለም።

ሜሪላንድ ውስጥ በእጅ ስልክ መጠቀም ብቻውን ፖሊስ መኪና ሊያስቆምበት የሚችል ጥፋት የሆነው ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ፖሊሱ በሌላ ጥፋት ካላስቆመ በስተቀር በስልክ ብቻ ትኬት መስጠት አይችልም ነበር። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 83፣ ለሁለተኛ ጊዜ እስከ 140፣ ከዚያ በኋላ እስከ 160 ዶላር ነው። የሜሪላንድ ሕግ የሚያተኩረው በመያዝ ላይ ሳይሆን በእጅ በመጠቀም ላይ ነው፤ መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ እጅ የተፈቀደለት ጥሪን ለመጀመርና ለመጨረስ፣ ወይም ስልኩን ለማብራትና ለማጥፋት ብቻ ነው። እንግዲህ ዕቃ የሚገዛው ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ አለ። መያዣው የቨርጂኒያን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ይመልሳል፤ ስልኩ ከእጅ ወጥቷልና። የዲሲንና የሜሪላንድን ጥያቄ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚመልሰው፤ መያዣው ላይ የተቀመጠ ስልክ በጣት እየተነካካ ጨዋታ የሚጨዋወቱበት ከሆነ ሁለቱ እጆች መሪው ላይ አይደሉም። ሁለቱን ዕቃዎች አብሬ የምመዝናቸው ስለዚህ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው።

መያዣውን ስመዝን መጀመሪያ ያየሁት የት ላይ እንደሚቀመጥ ነው። ከፊት መስታወት ላይ በጎማ መምጠጫ የሚጣበቁት መያዣዎች ለዓይን ቅርብ ስለሆኑ ብዙ ሰው ይወዳቸዋል፤ ነገር ግን የዲሲ የጁላይ ፀሐይ መስታወቱን አልፎ በቀጥታ ስልኩ ላይ ሲያርፍ ስልኩ ይግልና ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ይጨልማል፤ በክረምት ደግሞ መምጠጫው በቅዝቃዜ ይደርቅና መያዣው ስልኩን እንደያዘ ሹፌሩ ጭን ላይ ይወድቃል። ከዚህ ሌላ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ነገር እይታን የሚከልል ከሆነ የራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ግዛቶች በመስታወት ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ በታችኛው ጥግ በተወሰነ የኢንች መጠን ውስጥ እንዲሆን እስከ መወሰን ደርሰዋል፤ ወደዚያ የሚጓዝ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። የአየር ማስወጫው ላይ የሚቆነጠጠው መያዣ ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹን ያመልጣል። ስልኩ ከመሪው አጠገብ፣ ከመንገዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ዓይን ካርታውን አይቶ ወደ መንገዱ የሚመለስበት ርቀት አጭር ነው፤ በበጋም የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ስልኩን ያቀዘቅዝለታል።

ጉድለቶቹም አሉ፤ የመጀመሪያው ክረምት ነው። ማሞቂያው ሲከፈት ያው ቀዳዳ ትኩስ አየር ወደ ስልኩ ጀርባ ስለሚነፋ፣ በተለይም ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ካርታ የሚያሳይ ከሆነ፣ ይግላል፤ መፍትሔው መያዣው ያለበትን ማስወጫ ብቻ ዘግቶ ሌሎቹን መክፈት ነው። ሁለተኛው ክብደት ነው። የአሁኖቹ ትልልቅ ስልኮች ከወፍራም ሽፋናቸው ጋር ሲሆኑ የማስወጫውን ቀጭን ፕላስቲክ ወደ ታች ይጎትቱታል፤ ከጊዜ ብዛት ስልኩ ወደ ታች ማየት ይጀምራል፣ አሮጌ መኪና ላይ ከሆነም ፕላስቲኩ ይሰበራል። ስለዚህ ስገዛ መቆንጠጫው በጎማ የተሸፈነውን፣ ከጀርባው ዳሽቦርዱ ላይ የሚያርፍ ትንሽ እግር ያለውንና ቆንጥጦ ብቻ ሳይሆን በብሎን ጠብቆ የሚይዘውን መረጥሁ፤ ርካሾቹ ላይ እነዚህ የሉም፤ የዋጋው ልዩነት ግን ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ክብ ማስወጫ ያላቸው መኪናዎች ይህን ዕቃ አይቀበሉም፤ የመኪናዎ ማስወጫ ክብ ከሆነ ዳሽቦርድ ላይ በማጣበቂያ የሚቀመጠውን መፈለግ ይሻላል፤ በመንገደኛው ወገን ኤርባግ ከሚወጣበት ሽፋን ላይ ግን በምንም ምክንያት አይለጥፉት።

የሚይዘው ክፍል በሁለት ጎን ክንድ የሚጨብጥ ዓይነት ነው። ማግኔት ያላቸው መያዣዎች ስልኩን በአንድ እጅ ቶሎ ለማስቀመጥና ለማንሣት ይመቻሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ምቾታቸው ነው፤ በቀላሉ የሚነሣ ስልክ በቀላሉ ይነሣል። ክንድ ያለው መያዣ ስልኩን ለማውጣት ትንሽ ትግል ስለሚጠይቅ እየነዱ ለማንሣት አይጋብዝም፤ በሌላ ግምገማ እንደ ጉድለት ሊቆጠር የሚችለው ነገር ለዚህ ዓላማ ጥቅም ነው። የስኒ ማስቀመጫ ውስጥ የሚገቡትን ዘለግ ያሉ መያዣዎች በጥቂቱ አይቻቸዋለሁ፤ ዓይንን ወደ ጉልበት ስለሚጎትቱ አልፌያቸዋለሁ።

ወደ ማዳመጫው ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ቁም ነገር የጆሮ ቁጥር ነው። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም እየነዱ ሁለቱንም ጆሮ በማዳመጫ መድፈን የተከለከለ ነው። በየሱቁ የሚሸጡት ነጫጭ ጥንድ ማዳመጫዎች፣ ጥሩ ድምፅ ቢኖራቸውም፣ ሁለቱም ከተደረጉ ሹፌሩን ከአንድ ጥፋት አውጥተው ሌላ ጥፋት ውስጥ ይከቱታል። አንዱን ብቻ አድርጎ ሌላውን በሳጥኑ መተው ይቻላል፤ ሆኖም አንድ ጆሮ ላይ እንዲውል ተብሎ የተሠራው፣ ከአፍ አቅጣጫ ዘርጋ ያለ ማይክሮፎን ያለው አሮጌ ዓይነት ማዳመጫ በሦስት ነገር ይበልጣል። ከጆሮ ጀርባ ስለሚጠመጠም መሪ ሲዞር አይወድቅም፤ ማይክሮፎኑ ለአፍ ስለሚቀርብ መስኮት ተከፍቶም ሃይዌይ ላይ ያለ ንግግር ይሰማል፤ ጥሪ ለመቀበልና ለመዝጋት የሚያገለግለውም ጓንት ያጠለቀ ጣት እንኳ የማይስተው ትልቅ ቁልፍ ነው። ይህ ዓይነቱ ማዳመጫ የአካባቢያችን የታክሲ ሹፌሮች መለያ እስከ መምሰል የደረሰውም ያለ ምክንያት አይደለም። ባትሪው ሙሉ ፈረቃ ካላወጣ ግን ዋጋው ምንም ያህል ዝቅ ቢል ዕቃው ከንቱ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ የሞተ ማዳመጫ ያለው ሹፌር ስልኩን በእጁ ለማንሣት ይፈተናልና።

መኪናው አዲስ ከሆነና ስልኩን ከመኪናው ስክሪን ጋር የሚያገናኘው ካርፕሌይ ወይም አንድሮይድ አውቶ ካለው ማዳመጫው አያስፈልግ ይሆናል፤ ድምፁ በመኪናው ተናጋሪ ይወጣል፣ ቁልፉም መሪው ላይ ነው። መንገደኛ የሚያጓጉዝ ሰው ግን ከኋላ የተቀመጠ ሰው የቤቱን ጉዳይ እንዲሰማ አይፈልግም፤ ስለዚህ ማዳመጫው ለእርሱ አይቀርም። በሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ተሰክተው ስልኩን በኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚያሰሙት ርካሽ መሣሪያዎች በዚህ አካባቢ አይመከሩም፤ የሬዲዮ ጣቢያ የተጨናነቀበት ከተማ ስለሆነ ባዶ ሞገድ ማግኘት ያስቸግራል፣ ያገኙትም ጥቂት ማይል እንደተነዳ በሌላ ጣቢያ ይዋጣል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ሹፌር ትልቁ ጉድለት በየትኛውም ሳጥን ላይ አልተጻፈም። እነዚህ ዕቃዎች ሁሉ የሚያስቡት ሰውየው በድምፁ እንዲያዝዝ ነው፤ የአይፎን የድምፅ ረዳት የሆነችው ሲሪ ከምታዳምጣቸው ቋንቋዎች መካከል ግን አማርኛ የለም። በግዕዝ ፊደል የተመዘገበን ስም በእንግሊዝኛ አነጋገር ጠርቶ ማስደወል አይሳካም፤ በላቲን ፊደል የተመዘገበውም ቢሆን፣ እንደ ጸጋዬ ወይም ጨረቃ ያሉ ስሞች ሲጠሩ ወደ ሌላ ሰው የመደወል ልማድ አለው። እንዲህ ሲሆን ሹፌሩ ይናደድና ስልኩን በጣቱ መነካካት ይጀምራል፤ ሕጉ የከለከለው ነገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ከድካም የሚያድነው ዘዴ ተራ ነው፤ ዘወትር የሚደወልላቸውን ጥቂት ሰዎች መሣሪያው በቀላሉ በሚሰማው አጭር መጠሪያ በላቲን ፊደል መመዝገብ። «ማሚ»፣ «ሆም» እና «ቦስ» ዓይነት ስሞችን አይስትም። የጉግል የጽሑፍ ሰሌዳ ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ሲነገረው ይጽፋል፤ ሆኖም የጻፈውን ለማረም ዓይንና ጣት ስለሚጠይቅ እየነዱ የሚጠቀሙበት ነገር አይደለም።

ሌላው ለእኛ የተለየ ነገር የሰዓት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከዚህ በበጋ በሰባት፣ በክረምት በስምንት ሰዓት ስለምትቀድም፣ እዚህ የጠዋቱ የሥራ ሰዓት መጨናነቅ ሲሆን እዚያ ከምሳ በኋላ ነው፤ ቤተሰብ የሚደውለውም በዚያን ጊዜ ነው፤ ጥሪውም በአብዛኛው በቴሌግራም፣ በቫይበር ወይም በዋትስአፕ ይመጣል። አይፎን በመንዳት ላይ ላለ ሰው ማሳወቂያዎችን ዝም የሚያሰኝና ለላኪው መልስ የሚልክ አሠራር ካወጣ ቆይቷል፤ ያንንም መልስ ሰው ራሱ በፈለገው ቋንቋ መጻፍ ስለሚችል «እየነዳሁ ነው፤ ስቆም እደውላለሁ» ተብሎ በአማርኛ ሊቀመጥ ይችላል። ድክመቱ መልሱ የሚሄደው በስልኩ በራሱ መልእክት ለጻፈ ሰው እንጂ በቴሌግራም ለጻፈ ሰው አለመሆኑ ነው። ስለዚህ እናት ከጎንደር ወይም ከደሴ ሦስት ጊዜ ብትደውል ሦስቴም ዝምታ ነው የሚያጋጥማት፤ እርሷም ልጄ ምን ሆነ ብላ አራተኛ ትደውላለች። ለዚህ ከማዳመጫው ትልቅ ቁልፍ የተሻለ መፍትሔ አላገኘሁም፤ አንድ ጊዜ ተጭኖ «እማዬ፣ እየነዳሁ ነው፣ ደኅና ነኝ» ብሎ መዝጋት በሦስቱም ወሰኖች የተፈቀደ ነው።

ረጅሙ ጨዋታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የዕቃዎቹን ወሰን መናገር ይገባል። ሕጉ እጅን ነፃ ማድረጉ አእምሮን ነፃ ማድረግ አይደለም። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን ከዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በ2015 ባወጣው ጥናት፣ በድምፅ የሚታዘዝ መሣሪያን ተጠቅሞ የጨረሰ ሹፌር ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ወደ መንገዱ እስኪመለስ እስከ 27 ሰከንድ ሊፈጅበት እንደሚችል ታይቷል። በከተማ ውስጥ በሰዓት 25 ማይል በሚነዳ መኪና ይህ ወደ 300 ሜትር ይጠጋል፤ በዲሲ መሐል ከተማ ስንት የእግረኛ መሻገሪያ ሊኖርበት እንደሚችል ማንም ሹፌር ያውቀዋል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2023 በተዘናጉ ሹፌሮች ምክንያት በደረሱ አደጋዎች የሞቱትን 3,275 ብሎ መዝግቧል፤ የመዘናጋቱ ምክንያት ስልክ ብቻ ባይሆንም ስልክ የሌለበት አይደለም። ስለዚህ ለማዳመጫው የምሰጠው ከፍተኛ ነጥብ ለአጭር ጥሪ ነው፤ ስለ ዕቁብና ስለ ሠርግ ዝግጅት አንድ ሰዓት ለሚወራበት ጥሪ ሕጉ ቢፈቅድም እኔ ነጥብ አልሰጠውም።

ከባድ መኪና ለሚነዱ ወገኖች ሒሳቡ ይለያል። ከጃንዋሪ 2012 ጀምሮ የጸናው የፌዴራል ደንብ የንግድ ተሽከርካሪ ሹፌር ስልክ በእጁ እንዳይይዝ፣ ለመደወልም ከአንድ ቁልፍ በላይ እንዳይነካ፣ ስልኩን ለማግኘትም ቀበቶውን እንደታሰረ ከመቀመጫው ሳይንጠራራ እንዲደርስበት ይጠይቃል፤ ደንቡ ሲወጣ የተደነገገው ቅጣትም ለሹፌሩ እስከ 2,750፣ ለቀጣሪው እስከ 11,000 ዶላር ነበር። በከባድ መኪና ውስጥ የአየር ማስወጫው ከመቀመጫው የሚርቅበት ጊዜ ስላለ እዚህ የወደድሁት መያዣ እዚያ ላይሠራ ይችላል፤ ረዘም ያለ ክንድ ያለው፣ በብሎን የሚታሰር ዳሽቦርድ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ይሻላል። ማዳመጫው ግን ያው ነው፤ የሞተር ድምፅ የሚያጠፋ ማይክሮፎን ያለውን መምረጥ ብቻ ነው የሚጨመረው።

ፐርሚት፣ ማለትም የመማሪያ መንጃ ፈቃድ፣ ላይ ላለ ልጅ ስጦታ እንዲሆን ይህን ዕቃ ለመግዛት የሚያስብ ወላጅ ገንዘቡን ያስቀምጥ። በዲሲ በፐርሚት የሚነዳ ሰው፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያም ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሹፌር፣ በእጁ ሳይነካውም ቢሆን እየነዳ ስልክ እንዲያናግር አልተፈቀደለትም። ለእነርሱ የሚበጀው የስልክ ቦታ የኋላ መቀመጫ ላይ ያለ ቦርሳ ነው፤ እርሱም በየቤቱ አለ።